አንዱ ጫፍ ለምን ሁለት ይሆናል?

ብርሃንና የሞለኪውል ንዝረት ሲጣመሩ በስፔክትረም (ቁሱ የትኛውን ብርሃን ምን ያህል እንደሚውጥ በሚያሳይ ሥዕል) ላይ አንዱ ጫፍ፣ ማለትም አንዱ ከፍታ፣ ለሁለት ይከፈላል። ጎንደር አዘዞ ለማስተምራቸው ልጆች ይህን ሳስረዳ ከሲባጎ እጀምራለሁ። በሁለት ወንበሮች መካከል ሲባጎ ወጥሩ፤ እኩል በሆኑ ክሮች ሁለት ተመሳሳይ ጓጉንቸሮች አንጠልጥሉበት። አንዱን ብቻ ወደ ፊት ገፋ አድርጉ። ቀስ በቀስ እየደከመ ይቆማል፤ ያልተነካው ይወዛወዛል፤ ከዚያ ተራው ይመለሳል። ይህችን ቅጽበት በጣም እወዳታለሁ። ክሮቹ እኩል ካልሆኑ ልውውጡ ይጎድላል፤ ደጋግማችሁ ለኩ።

አሁን አንዱ ጓጉንቸር የሞለኪውል ንዝረት፣ ሌላው በሁለት መስተዋቶች መካከል የታሰረ ኢንፍራሬድ (በዓይን የማይታይ) ብርሃን ነው በሉ። ፖሊቪኒል አሲቴት በሚባለው ፕላስቲክ ውስጥ የካርቦንና የኦክስጅን ድርብ ትስስር፣ በአንድ ሴንቲሜትር ውስጥ 1740 ገደማ ሞገዶች ካሉት ብርሃን ጋር እኩል ፍጥነት ይነዝራል። መስተዋቶቹ 2 ማይክሮሜትር ያህል ሲራራቁ የብርሃኑና የሞለኪውሉ ንዝረት እኩል ይሆናል፤ እንደ ጓጉንቸሮቹ ጉልበት ሲለዋወጡ በአንድ ንዝረት ፋንታ ሁለት የጋራ ንዝረቶች፣ አንዱ ዝግ ያለ ሌላው ፈጠን ያለ፣ ይፈጠራሉ፤ ስለዚህ በስፔክትረሙ ላይ አንዱ ጫፍ ለሁለት ይከፈላል። በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለውን ክፍተት ለኩ፤ ከጫፎቹ ስፋት ካልበለጠ የብርሃኑንና የንዝረቱን ጥምረት ጠንካራ አትበሉት።