ማስቶዶን ሰርቨር ከማቆማችሁ በፊት፦ ምን ምን አታስቀምጡም?

የራሳችሁን ማስቶዶን ልታቆሙ ነው? አሪፍ። ማስቶዶን ትዊተርን የመሰለ ማኅበራዊ ሚዲያ ነው፣ ግን በአንድ ካምፓኒ ሳይሆን እርስ በርስ ፖስት በሚለዋወጡ ብዙ ሰርቨሮች ላይ ይሠራል። ግን «ያልተማከለ ስለሆነ ማንም አያየንም» የሚለውን እርሱት። ፌስቡክ ላይ የሰዉን መረጃ የሚይዘው ካምፓኒው ነው፤ እዚህ ግን የምትይዙት እናንተ ናችሁ።

በሜይ 2023 አሜሪካ ውስጥ ኤፍቢአይ ኮሌክቲቫ ከሚባለው የማስቶዶን ሰርቨር አስተዳዳሪዎች የአንዱን ቤት ከሰርቨሩ ጋር በማይገናኝ ጉዳይ ይፈትሻል፣ ያገኘውን ዕቃ ሰብስቦ ይሄዳል፣ ከዕቃው ውስጥ ደግሞ ያልተመሰጠረ የዳታቤዝ ባክአፕ (የሰርቨሩ መረጃ መጠባበቂያ ቅጂ) ቁጭ ብሏል። ኢሜይሉም፣ አይፒውም (የኢንተርኔት አድራሻው)፣ ለተከታዮች ብቻ ተብሎ የተለጠፈውም አብሮ ሄደ። ተጠቃሚዎቹ ምን አጠፉ? ምንም።

ስለዚህ ከሎጉ ጀምሩ፣ ማን ከየት እንደገባ ከሚጻፍበት መዝገብ ማለት ነው። ማስቶዶን ካልቀየራችሁት የተጠቃሚውን አይፒ አንድ ዓመት ያቆያል። ኮንፊገሬሽን ፋይሉን ስትከፍቱ የአይፒ ማቆያው 31556952 ይላል፣ በሴኮንድ ነው። 604800 አድርጉት፤ አንድ ሳምንት ስፓመር ለማባረር ይበቃል። ከሁለት ቀን በታች ካወረዳችሁት ግን የቆየ አይፒ የሚጸዳበትን የጊዜ ሰሌዳም ማስተካከል አለባችሁ። ብዙ ሰው የሚረሳው ደግሞ ኢንጂንኤክስን ነው፣ ከማስቶዶን ፊት ሆኖ ጎብኚዎችን የሚቀበለውን የዌብ ሰርቨር ሶፍትዌር። እሱ ለብቻው የራሱን ሎግ ይጽፋል፣ ማስቶዶኑን አጽድታችሁ እሱን ከተዋችሁት ምኑን ሠራችሁት?

የግል መልእክት የሚባለው ነገር ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረ አይደለም፤ ዳታቤዙን የሚከፍት ሰው ያነበዋል። ይህን መመዝገቢያው ገጽ ላይ በግልጽ አማርኛ ጻፉት፣ ምስጢር ያለው ሲግናል የሚባለውን የመልእክት መተግበሪያ ይጠቀም በሉ። ማጥፋትም እንደዚያው። ፖስት ሲጠፋ ሌሎቹ ሰርቨሮች ዘንድ የሚደርሰው «አጥፉ» የሚል ጥያቄ ነው፣ እሺ ማለት አለማለት የእነሱ ፋንታ ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ያገዳችሁት ሰርቨር ፖስታችሁን ዞሮ እንዳይወስድ ማንነቱን ያላረጋገጠ ሰርቨር እንዳያነብ የሚከለክለውን ሴቲንግ አብሩት። ትንሽ ጫና ይጨምራል፣ ግን ያዋጣል።

ሃያ ሠላሳ ሰው ብቻ ከሆናችሁ ማስቶዶን ራሱ ይበዛባችኋል፤ ጎቱሶሻል የሚባለው ሶፍትዌር ቀለል ያለ ነው፣ ኤስኪውላይት በሚባል ትንሽ ዳታቤዝ ይሠራል፣ ሰርቨሮቹ የሚግባቡበትን አክቲቪቲፐብ የሚባል ቋንቋ ስለሚናገር ከማስቶዶኖቹ ጋርም ይግባባል። የትኛውንም ብትመርጡ ዶሜይኑን አስባችሁ ግዙ፣ ሥራ ከጀመረ በኋላ መቀየር የለም።

ባክአፑን ከሰርቨሩ ሳይወጣ መስጥሩት፣ መፍቻ ቁልፉን ሌላ ቦታ አስቀምጡ፣ የቆየውን ደምስሱ። ከዚያ ሌላ ማሽን ላይ አንዴ ከፍታችሁ ሞክሩት፤ ቁልፉ የጠፋበት ባክአፕ ለእናንተም አይከፈትም።