ወንበር ሲከፈት ስምሽ እንዲነሳ፣ ጎንደር ቢሮ ለምትሰሩ እህቶች

እህቶች ሰላም ናችሁ? ይሄን የምፅፈው ፒያሳም ሆነ ማራኪ አካባቢ ቢሮ ውስጥ ለዓመታት ባለሙያ ሆናችሁ፣ የቡድን መሪነት ቦታ ሲከፈት ግን ስማችሁ ለማይነሳ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የጎደለው ችሎታ አይደለም፣ ስራውን የምትሰሪው አንቺ፣ ሪፖርቱን የሚያቀርበው ሌላ ሰው ሲሆን ነው ነገሩ የሚበላሸው። "ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል" ሲባል ለወንድ ብቻ አይመስለኝም፣ እቴጌ ምንትዋብም በ1730 በፈረንጅ አቆጣጠር እዚሁ ጎንደር ዘውድ ጭነው ከልጃቸው ከኢያሱ ጋር የገዙት ጠሪ ሲጠብቁ ኖረው አይደለም።

ከቃለ ጉባኤ እንጀምር። ስብሰባ ሲከፈት "እስኪ አንቺ ያዢልን" ይባላል፣ ሁሌ ሴት ለምን እንደምትይዝ የሚጠይቅ የለም (ቡናውም እንደዛው)። በጭራሽ አትያዢ አልልም፣ በዙር ይሁን በይ። "ጋሼ ባለፈው እኔ ይዣለሁ፣ ዛሬ አቶ እገሌ ይያዙልን፣ እኔ ሁለተኛው አጀንዳ ላይ ሀሳብ አለኝ" ማለት በቂ ነው፣ የመጨረሻዋን ግን እንዳትተያት፣ እሷን ከተውሽ ስራ የሸሸሽ ነው የምትመስዪው። ተራሽ ደርሶ ስትይዢ ደግሞ ያንቺንም ሀሳብ በስምሽ አስፍሪው፣ "ከቤቱ የተነሳ ሀሳብ" ብለሽ አትቅበሪው።

ቀጥሎ የግል ማህደርሽ። ሰው ሀብት ሄደሽ አስወጪና ገልብጠሽ እዪው፣ የስልጠና ሰርተፊኬትሽ ቤት ቁምሳጥን ውስጥ ከሆነ ለውድድር የለም ማለት ነው። አለቃሽ መስክ ሲወጡ "አንቺ እያየሽ ቆዪኝ" ብለው በቃል ቢወክሉሽ "እሺ፣ ደብዳቤ ይፃፉልኝ" በይ፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ የትኞቹን ስራዎች፣ ቁጥርና ማህተም ያለው፣ ከስር "ግልባጭ ለሰው ሀብት" የሚል። በቃል የሰራሽውን ውክልና ነገ ማንም አይቆጥርልሽም።

ኮሚቴ ስትመረጪ ሴቶች ጉዳይ ላይ ብቻ አትቅሪ። ጠቃሚ ነው፣ አልናቅኩትም፣ ግን ግዢና በጀት ላይም ግቢ፣ አመራር የሚለመደው ብር የሚወሰንበት ጠረጴዛ ላይ ነው። የቱኒዚያዋ ነጅላ ቡደን በ2021 (በፈረንጅ) ከአረብ ሀገራት የመጀመሪያዋ ሴት ጠቅላይ ሚኒስትር ስትሆን የታወቀች ፖለቲከኛ አልነበረችም፣ የጂኦሎጂ ፕሮፌሰር ነበረች፣ ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር ውስጥ ደግሞ የዓለም ባንክ ፕሮግራሞችን ታስፈፅም ነበር። (ሁለት ዓመት ሳይሞላት መነሳቷ ሌላ ወሬ ነው።) ኤምሬትስም በዛው ዓመት አክሲዮናቸው የሚሸጥ ኩባንያዎች ቦርዳቸው ላይ ቢያንስ አንድ ሴት እንዲኖር አስገድዳለች። እኛ ጋ ህገ መንግስቱ አንቀፅ 35 ለሴቶች የድጋፍ እርምጃ ይፈቅዳል፣ ስለዚህ ከመወዳደርሽ በፊት "መመሪያው ላይ ለሴት የተቀመጠው ድጋፍ ምንድነው?" ብለሽ ጠይቂ፣ ልመና አይደለም።

ከዛ የድራፍቱ ጉዳይ አለ። ወንዶቹ ማታ ተቀምጠው ጨርሰውት ነው ጠዋት ስብሰባ የሚመጡት፣ አንቺ ደግሞ ልጅ ከትምህርት ቤት ታመጫለሽ። ማታ ሂጂ አልልሽም፣ ከስብሰባው በፊት ባለው ቀን በቢሮ ሰዓት ሁለት ሶስቱን ሰው አናግሪ፣ ሀሳብሽን ቀድመው ከሰሙት ቢያንስ አይደነግጡበትም። ሹመቱን ማታ ውጪ ተገናኝተን እናውራ የሚል አለቃ ካጋጠመሽ ቢሮ ላይ፣ በር ተከፍቶ ይሁን በይው።

ወሊድ ፈቃድ ላይም ውድድር ያልፍሻል። የግል ድርጅት ከሆንሽ በአዋጅ 1156/2011 መሰረት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከነደሞዙ አለሽ፣ ማስታወቂያ ሰሌዳው ግን አንቺን አይጠብቅም፣ ስለዚህ የምታምኛት ጓደኛሽ አዲስ ነገር ሲለጠፍ ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ትላክልሽ።

ተወዳድረሽ ካልተሳካ ውጤትሽን በዝርዝር፣ በፅሁፍ ጠይቂ፣ የት ላይ ነጥብ እንደወረደብሽ ሳታዪ "ድሮም ለዘመድ ነው" ብለሽ አትቀመጪ። በእርግጥ ለዘመድ ከሆነም ቅሬታ የምታቀርቢው በዛው ወረቀት ነው፣ ጊዜ ገደቡ አጭር ስለሚሆን ደግሞ ማመልከቻሽን ውጤቱ በተለጠፈበት ቀን መዝገብ ቤት አስገቢና ቀሪው ላይ አስፈርሚ።