የጀልባዬ ቀለም ለምን ተላጠ?

ባለፈው ኅዳር የፋይበርግላስ ጀልባዬን አሜሪካ ካለው የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ሳወጣት ደነገጥኩ። አልጌና ባርናክል (ጀልባ ላይ የሚጣበቅ ቅርፊት ያለው የባሕር እንስሳ) እንዳይለጠፍባት የቀባኋት አንቲፋውሊንግ የሚባል ቀለም እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሳል። ከሥሩ ያለው የኢፖክሲ ፕራይመር (መጀመሪያ የሚቀባው መሠረት) ግን ንክች አላለም።

መጀመሪያ ቀለሙን ጠረጠርኩ። ችግሩ ግን አንቲፋውሊንጉን የደረብኩበት ሰዓት ነበር፤ ዘግይቼ ነበር። ኢፖክሲ ጨርሶ ከደረቀ በኋላ ፊቱ እንደ መስታወት ይሆናል፤ ሌላ ቀለም አይዝም።

የለቀቀውን ፍቄ አነሳሁ። ቀሪውን በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ውሃ እያስነካሁ አሸሁት። አቧራው መዳብ ስላለበት መርዝ ነው፣ ማስክ እንዳትረሱ። ከዚያ አዲስ ፕራይመር ቀብቼ በአውራ ጣቴ እየነካሁ ጠበቅኩ። አሻራዬ እየታየ ቀለሙ ጣቴ ላይ መቅረት ሲያቆም፣ ወዲያው አንቲፋውሊንጉን ደረብኩ። ዘንድሮ አንድም ቦታ አልተላጠም!

የእናንተ ጀልባ አሉሚኒየም ከሆነች ግን መዳብ ያለበትን ቀለም አትቀቧት፤ ገላዋን ይበላዋል።