ገመድ አልባ ማዳመጫ ለመግዛት ፒያሳ ከመውጣትዎ በፊት

ጎንደር ላይ ሰዉ ሁሉንም «ኤርፖድ» ይለዋል፤ አፕል ያመረተውም ይሁን ስሙ የማይታወቅ። ፒያሳ ባሉት የሞባይል ዕቃ መሸጫዎች ተደርድሮ የሚታየውም በመልክ አንድ ነው፦ ኬዝ፣ ሁለት ፍሬ፣ አጭር የቻርጀር ገመድ። ልዩነቱ ከውስጥ ነው። ስለዚህ ዋጋ ከመጠየቅዎ በፊት ማዳመጫውን በብዛት የት ሆነው እንደሚጠቀሙበት ይወስኑ። ከአዘዞ ፒያሳ በታክሲ የሚመላለስ ሰው፣ ማራኪ ግቢ የሚያጠና ተማሪና ቀኑን ሙሉ ስልክ የሚያወራ ነጋዴ የሚያስፈልጋቸው ዕቃ ለየቅል ነው። ከዚያ «ክፈትልኝና ልሞክረው» ይበሉ። ካርቶኑን አልከፍትም የሚል ሻጭ ጋ አይግዙ።

ጆሮ ላይ መግጠሙ

ጎማ ያለውና ወደ ጆሮ ቀዳዳ የሚገባ አለ፤ ጎማ ሳይኖረው ጆሮ ደጃፍ ላይ የሚያርፍም አለ። ጎማ ያለው የውጭውን ጫጫታ ስለሚዘጋ ድምፅ ሳይጨምሩ ይሰሙበታል፣ ቤዙም (ወፍራሙ ድምፅ) አያመልጥም። ጎማ የሌለው ግን የባጃጅ ጥሩንባ ያሰማል። በእግር የሚመላለሱ ከሆነ ጎማ የሌለውን፣ ወይም ጎማ ኖሮት የውጭ ድምፅ የሚያስገባ ሞድ ያለውን እንመክራለን። አስፋልት ላይ ጆሮን ደፍኖ መሄድ አደጋ ነው።

ጎማ ያለውን ከመረጡ ካርቶኑ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት መጠን ያገኛሉ፤ ተገጥሞ የሚመጣው መካከለኛው ነው። ሲያደርጉት በሌላኛው እጅ የጆሮዎን ጫፍ ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ ያድርጉ፣ ፍሬዋን ያስገቡና ጠምዘዝ ያድርጓት። አሁን አፍዎን ዘግተው «እም» ይበሉ። የራስዎ ድምፅ ጭንቅላትዎ ውስጥ ጎላ ብሎ ከተሰማ ጎማው ዘግቷል፤ ካልተሰማ ትልቁን ይሞክሩ። ቀጥሎ ቆሎ እንደሚቆረጥም ሰው መንጋጋዎን ያንቀሳቅሱ። ፍሬዋ ከተንሸራተተች መንገድ ላይ ትወድቃለች፣ የወደቀችዋን ብቻ ለይቶ መግዛት ደግሞ ከባድ ነው። የግራና የቀኝ ጆሮ ቀዳዳ እኩል ላይሆን ይችላል፤ በአንዱ ትንሽ፣ በሌላው መካከለኛ ጎማ ማድረግ ምንም ነውር የለውም።

እዚህ ላይ አይቸኩሉ። «ቤዝ የለውም» ተብሎ የሚጣል ማዳመጫ ብዙ ጊዜ ጎማው ያልገጠመ ነው። ዘፈን እየሄደ ፍሬዋን በጣት ቀስ ብለው ይጫኑ፤ ቤዙ ከጨመረ ጥፋቱ የጎማው ነው። የማይዘጋ ጎማ ሌላም ጉዳት አለው፦ ጫጫታውን ለማሸነፍ ሲባል ድምፅ እየተጨመረ ይሄዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚያስቀምጠው ጣሪያ በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል ነው። ከዚያ በላይ በየ3 ዴሲቤሉ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል።

ድምፁን በምን ይፈትኑት

ሻጩ የሚያጫውተው ዘፈን ብዙ ጊዜ ቤዙ የገነነ ነው፣ በእሱ ላይ ሁሉም ማዳመጫ ያምራል። ከራስዎ ስልክ በደንብ የሚያውቁትን ያጫውቱ። ከበሮና ጸናጽል ያለበት ጥሩ ቅጂ ወረብ ካለዎት ከእሱ የተሻለ መፈተኛ የለም። ከበሮው ሲመታ «ዱም» ብሎ መቆም አለበት፤ እየተጎተተ የዘማሪዎቹን ድምፅ ከሸፈነ ቤዙ ተጋንኗል። የጸናጽሉ ብረቶች ሲጋጩ ለየብቻ መሰማት አለባቸው፤ ደካማ ማዳመጫ ላይ ግን የጋለ ዘይት ውስጥ እንደገባ ሽንኩርት «ሽሽሽ» ይላሉ። ማሲንቆም ጥሩ መፈተኛ ነው። ጭራው ሲፋቅ ያለው ሻካራ ድምፅ ከጠፋ የድምፁ መሃል ተበልቷል ማለት ነው፤ በዚያ ማዳመጫ የሰው ንግግርም ታፍኖ ነው የሚሰማው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው «13 ሚሊ ሜትር ድራይቨር» (ድምፅ የሚያወጣው ክፍል ስፋት) ብቻውን ስለ ጥራት ምንም አይነግርም።

ኮዴክ የሚባለውንም እናንሳ፤ ድምፁ ተጨምቆ በብሉቱዝ የሚላክበት ዘዴ ነው። ኤስቢሲ ሁሉም ላይ አለ። አይፎን ከእሱ ሌላ የሚጠቀመው ኤኤሲን ነው፣ ስለዚህ ለአይፎን ብለው ኤልዳክ የሚባለው ከፍ ያለ ጥራት ያለው ኮዴክ ላለበት ዕቃ ተጨማሪ ብር አይክፈሉ። አንድሮይድ ይዘው ሙዚቃዎ በቴሌግራም የወረደ ተራ ኤምፒ3 ከሆነም ኤልዳክ ብዙም የሚጨምርልዎት ነገር የለም፤ ፋይሉ ውስጥ የሌለውን ሊያመጣ አይችልም።

ስልክ ማውራት

ብዙ ሰው የሚያዝነው በዚህ ነው። ማይኩ ያለው ጆሮ ላይ፣ ከአፍ ርቆ ነው፤ ወደ ታች የሚወርድ ዘንግ ያለው ቅርጽ ማይኩን ትንሽ ያቀርበዋል። በዚያ ላይ ማይኩ ሲከፈት በተለመደው ብሉቱዝ ግንኙነቱ ወደ ጥሪ ሁነታ ይቀየርና የድምፁ ጥራት ይወርዳል። ሙዚቃ ሲያምር የነበረ ማዳመጫ ጥሪ ላይ እንደ ቆርቆሮ የሚሰማው ለዚህ ነው።

ሙከራው ሰው ይፈልጋል። ወዳጅዎን ይዘው ይሂዱ፤ እሱ ሱቁ ውስጥ ይቁም፣ እርስዎ አስፋልቱ ዳር ወጥተው ይደውሉለት። ባጃጅ ሲያልፍ ቃላትዎ ተለይተው ይሰሙታል? በእጅዎ እያራገቡ ነፋስ ፍሬዋ ላይ ይላኩ፤ ማይኩ «ፉፉፉ» ካለ ውጭ አይሠራልዎትም። ከዚያ አንደኛዋን ፍሬ ኬዝ ውስጥ ከተው በአንዷ ብቻ ያውሩ፣ ቀይረውም ይድገሙ። አንዳንዶቹ በአንደኛዋ በኩል ብቻ ነው ደህና የሚሠሩት።

አንድ ፊደል፣ ትልቅ ልዩነት

ካርቶኑ ላይ ኤኤንሲ ወይም ኢኤንሲ ይላል። አንድ አይደሉም፣ ብዙ ገዢም የሚታለለው በዚህ ነው። ኤኤንሲ የውጭውን ጫጫታ ለእርስዎ ጆሮ ይቀንሳል። ኢኤንሲ ጥሪ ላይ የእርስዎን ድምፅ ከጫጫታው ለይቶ ለሚያዳምጥዎት ሰው ይልካል፤ ለእርስዎ ጆሮ የሚያደርገው ነገር የለም። ለመለየት ሙዚቃ ሳይከፍቱ ማዳመጫውን አድርገው ሱቁ ካለው ፍሪጅ ወይም ደጅ ካለው ጄኔሬተር አጠገብ ይቁሙና ኤኤንሲውን ያብሩት፣ ያጥፉት። እውነተኛ ኤኤንሲ ከሆነ ጉምጉምታው ወዲያው ይወርዳል። የሰው ወሬና ጥሩንባ ግን ብዙ አይጠፉም፣ ምክንያቱም ኤኤንሲ የሚበረታው ወፍራምና ሳይቋረጥ በሚቀጥል ድምፅ ላይ ነው። ባሕር ዳር ድረስ ላለው ወደ 180 ኪሎ ሜትር የሞተር ድምፅ ግሩም ነው፤ ቡና ቤት ተቀምጦ ለሚያነብ ብዙም አይጠቅምም።

ባትሪ

«30 ሰዓት» የሚለው ኬዙን ጨምሮ ነው። መጠየቅ ያለብዎት ፍሬዋ በአንድ ቻርጅ ስንት ሰዓት ትሄዳለች የሚለውን ነው፤ ኤኤንሲ ሲበራ ከዚያ ይቀንሳል። ሂሳቡ ቀላል ነው፦ እያንዳንዷ ፍሬ 40 ሚሊ አምፔር ሰዓት፣ ኬዙ 400 ከሆነ በወረቀት 5 ጊዜ ይሞላል፤ በመሃል ስለሚባክን 4 ጊዜ ካገኙ ይደሰቱ። መብራት በሚጠፋበት ሰሞን የሚያኖርዎት የኬዙ መጠን ነው።

መዳፍ ላይ የሚቀመጥ ቀላል ኬዝ ላይ «3500» ተጽፎ ካዩ አይመኑት። 5000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ያለው የስልክ ባትሪ ብቻውን ከ60 እስከ 70 ግራም ይመዝናል፤ ከነፍሬዎቹ 40 ግራም የሆነ ኬዝ 3500ን ከየት ያመጣዋል?

በፓወር ባንክ የሚሞሉ ከሆነ፣ ኬዙ የሚስበው ኃይል ትንሽ ስለሆነ አንዳንዱ ፓወር ባንክ ምንም ያልተሰካ መስሎት በራሱ ይጠፋል። ማዳመጫው ተበላሽቶ አይደለም። መብራት ሲጠፋ ቻርጀሩን ከግድግዳው ይንቀሉ፣ ሲመጣም ጥቂት ደቂቃ ቆይተው ይሰኩ።

ዝናብ፣ ላብ፣ አቧራ

ካርቶኑ ላይ «አይፒ» ብሎ የሚጀምረው ቁጥር ማዳመጫው ውሃና አቧራ ምን ያህል እንደሚችል ይናገራል። አይፒኤክስ 4 የሚረጭ ውሃ ይችላል፤ ለሐምሌና ነሐሴ ካፊያና ለላብ ይበቃል። አይፒኤክስ 7 አንድ ሜትር ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ይቋቋማል። «ኤክስ» ያለበት ቦታ ግን አቧራ አልተፈተነም ማለት ነው፤ ለበጋው አቧራ አይፒ 54 ወይም 55 ይሻላል። ይህ ሁሉ ስለ ፍሬዎቹ ነው፣ ኬዙ ብዙ ጊዜ ውሃ አይችልም። እርጥብ ፍሬ ኬዝ ውስጥ ሲገባ የላቡ ጨው ትንንሾቹን የቻርጅ ነጥቦች ይበላቸዋል፣ ከዚያ «አንደኛዋ አልሞላ አለች» ይመጣል። በደረቅ ጨርቅ ጠርገው ይክተቱ። የአንደኛዋ ድምፅ ከቀነሰ ደግሞ መጀመሪያ ወንፊቷን ይዩ፤ የጆሮ ኩክ ደፍኗት ሊሆን ይችላል። ወንፊቷን ወደ ታች ይዘው በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ያጽዱ፣ በመርፌ አይንኩት።

ኮፒና ኦርጅናል

የአፕል ተብሎ የቀረበልዎት ማዳመጫ ምስሉ አይፎን ላይ ብቅ ማለቱ ማስረጃ አይደለም፤ ኮፒውም ያወጣዋል። አይኦኤስ 16 ወይም ከዚያ በኋላ ያለው አይፎን ግን ኦርጅናል ያልሆነውን ማረጋገጥ እንዳልቻለ ሊያሳውቅ ይችላል። ኮፒ በኮፒ ዋጋ መግዛት የእርስዎ ምርጫ ነው፣ በኦርጅናል ዋጋ አይግዙት።

ከሱቁ ሳይወጡ ሁለቱንም ፍሬ ኬዝ ውስጥ እየከተቱ አምስት ጊዜ ይክፈቱ፣ ይዝጉ፤ በየጊዜው ሁለቱም መገናኘት አለባቸው። ደረሰኝ ላይ ቀኑንና እስከ መቼ እንደሚቀየር ያስጽፉ። ማታ ቤት ሙሉ በሙሉ ሞልተው በግማሽ ድምፅ እስኪያልቁ ያጫውቱ። አንደኛዋ ከሌላዋ ከግማሽ ሰዓት በላይ ቀድማ ከጠፋች ባትሪዋ ደካማ ነው፤ የተጻፈው ቀን ሳያልፍ ይዘው ይመለሱ።