ሲያትል ወይስ ሜልበርን? መጀመሪያ ሰዓቱን አስሉ

ወንዱ ልጄ ሲያትል፣ ሴቷ ሜልበርን ነው የሚኖሩት። ሠላሳ ዓመት ሒሳብ አስተምሬያለሁ፤ የሁለቱን ከተሞች ሰዓት ማስላት ግን የለመድኩት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው። አንድ ሐምሌ፣ የማታው የ2 ሰዓት ዜና ሊጀምር ሲል ለሴቷ ደወልኩላት። እዚያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነበር። ስልኩን ያነሳችው «ማን ሞተ?» ብላ ነው።

ስልኬ ይነግረኛል የምትሉ አላችሁ። ይነግራችኋል፤ ግን በፈረንጅ ሰዓት ስለሆነ ወደ እኛ ስትመልሱት ትሳሳታላችሁ። የእኔ መንገድ ይቀላል።

ለሲያትል፦ የእጅ ሰዓታችሁን እዩ፣ አንድ ደምሩ፣ ቀኑን ሌሊት፣ ሌሊቱን ቀን አድርጉት። አዲስ አበባ ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ከሆነ፣ ሲያትል ገና እሁድ ማታ 3 ሰዓት ነው። ምክንያቱም ከእኛ 11 ሰዓት ወደኋላ ናቸው። ከማርች ሁለተኛ እሁድ እስከ ኖቬምበር የመጀመሪያ እሁድ ሰዓታቸውን ስለሚያዞሩ ልዩነቱ 10 ይሆናል፤ ያኔ የምትደምሩት ሁለት ነው።

ለሜልበርን ደግሞ የእኛ አቆጣጠር ራሱ ይረዳናል። በ7 ሰዓት ይቀድሙናል። የፈረንጅ ሰዓት ከእኛ ሰዓት በ6 ስለሚለይ 6 እና 7 ሲደመር 13፣ ከ12 ሲያልፍ 1 ነው። ስለዚህ በእጅ ሰዓታችሁ ላይ አንድ ደምሩ፤ የምታገኙት ቁጥር እነሱ ግድግዳ ላይ ያለው ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የእነሱ 3 ይላል፣ ከቀትር በኋላ። ከኦክቶበር የመጀመሪያ እሁድ እስከ አፕሪል የመጀመሪያ እሁድ ልዩነቱ 8 ስለሚሆን ሁለት ትደምራላችሁ። (ተማሪዎቼ ይህን ቢሰሙ «ቲቸር፣ ፈተና ላይ ይመጣል?» ይሉ ነበር።)

ሦስታችንም ነቅተን የምንገናኝበት ሰዓት እሁድ ጠዋት 1 ሰዓት ነው። ለወንዱ ቅዳሜ ማታ፣ ለሴቷ እሁድ ከሰዓት ይሆናል። በጋም ክረምትም ይሠራል።

ቲኬት ላይ ተጠንቀቁ። የመጀመሪያ ቲኬቴ ሐሙስ 00:25 ይል ነበር። እኔ ሐሙስ ማታ ልሄድ ሻንጣዬን ገና አልዘጋሁም። እሱ ግን ለሐሙስ አጥቢያ፣ ሌሊት 6:25 ማለት ነው፤ ረቡዕ ማታ ቦሌ መገኘት ነበረብኝ። ሴቷ ባትደውል ኖሮ ቀርቼ ነበር።

ርቀቱ ለምርጫ አያግዝም። በዱባይ በኩል ከሄዳችሁ ከዚያ በኋላ ያለው በረራ ለሁለቱም 14 ሰዓት ገደማ ነው። ወሩ ግን ይለያቸዋል። ሲያትል መጀመሪያ የሄድኩት በታኅሣሥ ነው። ፀሐይ 10 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ትጠልቃለች፣ ካፊያው አያባራም። ሬኒየር የሚባለውን ተራራቸውን በሦስት ሳምንት አንድ ቀን እንኳ አላየሁትም። በነሐሴ ስመለስ፣ እዚህ ዝናብ ሲወርድ እዚያ ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ ልጄ «ዛሬ ተራራው ወጥቷል» አለኝ፤ እንደዚያ ነው የሚሉት። 4,392 ሜትር ነው፣ ከራስ ዳሸን ትንሽ ያንሳል፤ ግን በነሐሴም በበረዶ ነጭ ነው። ፓይክ ፕሌስ ገበያ ዓሣ ሲወራወሩ ማየት ደስ ይላል፤ እንጀራ ያማራችሁ ወደ ቼሪ መንገድ ሂዱ።

ሜልበርን በተቃራኒው ነው፤ የእነሱ በጋ ታኅሣሥ፣ ጥርና የካቲት ነው። ጥር ላይ ሙቀቱ አንዳንድ ቀን 40 ዲግሪ ይደርሳልና መጋቢትን ምረጡ። መሀል ከተማ ትራም በነፃ ነው፣ እንጀራው ፉትስክሬይ አለ። እኔን የገረመኝ ግን ፊሊፕ ደሴት ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ከክንድ ያነሱ ፔንግዊኖች በቡድን በቡድን ከባሕር ይወጣሉ፤ ጥቂት ይራመዳሉ፣ ይቆማሉ፣ ዙሪያውን ያያሉ፣ ደግሞ ሮጥ ይላሉ፤ ከትምህርት ቤት የተለቀቁ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች ይመስላሉ። ጃኬት ያዙ፣ ንፋሱ ኃይለኛ ነው።

አንድ ጊዜ ብቻ ለሚሄድ፣ እኔ ሲያትልን በነሐሴ እላለሁ። ሴቷ ትቀየመኛለች።

እንቅልፉ ሁለቱም ጋ ያስቸግራል። ሜልበርን ልትተኙ ስትሉ ለሆዳችሁ ገና የምሳ ሰዓት ነው፤ እራት ቀለል ይበል፣ ጠዋት ፀሐይ ላይ ውጡ። ሲያትል የሚከብደው ከሰዓት በኋላ ነው፤ 8 ሰዓት ላይ አዲስ አበባ እኩለ ሌሊት ስለሆነ ዓይናችሁ ይከደናል። ያኔ ሶፋ ላይ እንዳትቀመጡ፣ ወጥታችሁ ተራመዱ። እኔ «ትንሽ ጋደም ልበል» ብዬ ተኝቼ ሌሊት 8 ሰዓት ነቃሁ። ሆዴ ቀትር ነው አለኝ፤ ቡና መቁላት ጀመርኩ። የጭስ ማንቂያው ሲጮህ የልጄ ሚስት ሕፃኑን አቅፋ በረንዳ ላይ ነበረች።