የቦክስ ከረጢቱን ምን ያህል አጥብቀው ይምቱት?

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ቦክስ በጀመርሁበት ክረምት የምንለማመደው ጓሮ ውስጥ ከባሕር ዛፍ አግዳሚ ላይ በተንጠለጠለ ጆንያ ነበር። ውስጡ ጨርቅና አሸዋ ነው። ዝናብ ሲወርድበት ሰንብቶ አሸዋው ወደ ታች ተጠራቅሞ ድንጋይ ሆኗል። በሦስተኛው ቀን ባለ በሌለ ኃይሌ ዝቅ አድርጌ ስመታው የቀኝ እጄ አንጓ ታጠፈ፤ ለአንድ ወር ያህል የሻይ ብርጭቆ የማነሣው በግራዬ ሆነ። አጥብቄ እንድመታ የነገረኝ ብዙ ሰው ነበር፣ ምን ያህል አጥብቄ እንደሆነ ግን ማንም አልነገረኝም። መልሱ አጭር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከአሥር ስድስት ያህል።

በመጀመሪያ ከረጢቱን ከላይ እስከ ታች በመዳፍዎ እየተጫኑ ይፈትሹት። ጠጣር ቦታ ካገኙ እዚያ ላይ አይምቱ። ክብደቱ የእርስዎን ግማሽ ያህል ቢሆን ይመረጣል፤ 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 35 ኪሎ ገደማ ማለት ነው። ራስዎ የሚሠሩት ከሆነ በጨርቅ ብቻ ይሙሉት። አሸዋ የግድ ካስፈለገ በትንንሽ ፌስታል ተቋጥሮ ከጨርቁ መሃል ይቀበር።

ቀጥሎ እጅዎን ያዘጋጁ። 4.5 ሜትር ገደማ የሚረዝም ፋሻ አንጓዎን፣ የጣቶችዎን መነሻና አውራ ጣትዎን ይጠቅልል፤ ከላይ ከ12 እስከ 16 አውንስ (የጓንት ክብደት መለኪያ ነው) የሆነ ጓንት ይጥለቅ። ከረጢቱን መንካት ያለበት የአመልካች ጣትና የመሃል ጣት መነሻ ነው፤ አንጓው ከክንድ ጋር ቀጥ ይበል። በትንሿ ጣት በኩል ካረፈ ከሥሯ ያለው አጥንት ይሰበራል። ስሙ የቦክሰኛ ስብራት ይባል እንጂ በብዛት የሚያገኘው መምታት ያልተማረውን ሰው ነው።

አሁን ወደ ኃይሉ። ጎጃም ውስጥ ከብት ሲጠብቅ ያደገ ሰው ይህን ከአሰልጣኝ በፊት ከጅራፍ ተምሮታል። ጅራፉን ወርውሮ የሚተወው ልጅ አያስጮኸውም፤ የሚያስጮኸው በወቅቱ መልሶ የሚስበው ነው። ቡጢም እንዲሁ ነው። ክንድዎ ላላ ብሎ ይሂድ፣ ጭብጥዎ ሊያርፍ ሲል ይጥበቅ፣ ወዲያው ወደ አገጭዎ ይመለስ። በትክክል ሲመቱት ከረጢቱ ባለበት ይደነግጣል፣ ድምፁም «ጧ» ይላል። እንደ ዥዋዥዌ ርቆ ከሄደ ግን ገፍተውታል እንጂ አልመቱትም። ተመልካች የሚያደንቀው ይህንኑ ዥዋዥዌ መሆኑ ያሳዝናል።

ኃይሉ የሚነሣው ከመሬት ነው፤ የኋላ ተረከዝዎ ይዞራል፣ ዳሌዎ ይከተላል፣ ክንድ መልእክተኛ ብቻ ነው። ትከሻዎ ከትንፋሽዎ ቀድሞ ከደከመ በክንድዎ ብቻ እየመቱ ነው። አራት ቡጢ አከታትለው ሲጨርሱ እጅዎ ወደ አገጭዎ ለመመለስ ከዘገየ ወይም እግርዎ ከተንገዳገደ ደግሞ ከስድስቱ አልፈዋል።

ልምምዱን በስድስት ዙር ይክፈሉት። ሦስት ደቂቃ መትቶ አንድ ደቂቃ ማረፍ እ.ኤ.አ. በ1867 ከወጣው የኩዊንስቤሪ የቦክስ ደንብ ጀምሮ የኖረ ሥርዓት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች በግማሽ ኃይል ቅርጽዎን ያስተካክሉ። ሦስተኛውና አራተኛው በስድስት ወይም በሰባት ይሂዱ። በአምስተኛው በየ30 ሴኮንዱ አንድ ግራና ቀኝ ብቻ በሙሉ ኃይል ያሳርፉ፤ በመካከል ቀለል አድርገው ይንቀሳቀሱ። ዙሩን በሙሉ በሙሉ ኃይል እመታለሁ የሚል ካለ መጀመሪያውኑ ሙሉ ኃይሉን አላወጣም። ስድስተኛው ማቀዝቀዣ ነው። ጀማሪ ግን ለአንድ ወር ከግማሽ አይለፍ፤ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን፣ በመካከል እያረፈ ይሥራ።

በእያንዳንዱ ቡጢ ትንፋሽዎን አጠር አድርገው ያውጡ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከቆላ የመጣ ሰው ሁለተኛው ዙር ላይ ማለክለኩ አይቀርም። ስንፍና አይደለም፣ አየሩ ሳስቶበት ነው። እስኪለምድ ድረስ በአንድ ደረጃ ቀንሶ ይምታ።

በማግሥቱ ጠዋት እጅዎን ጨበጥ፣ ዘርጋ አድርገው ይፈትሹት። ጡንቻ ቢዝል ያለ ነው። አጥንቱ ላይ ሲጫኑት የሚወጋ ወይም ያበጠ ከሆነ ግን ከረጢቱን ይተዉትና ራጅ ይነሡ። እኔ መጀመሪያ የሄድሁት ወጌሻ ዘንድ ነበር፤ ያበጠውን እጄን አሽቶ አሽቶ ሌሊቱን ሙሉ ሳልተኛ አደርሁ።

ፋሻዎን አጥበው ፀሐይ ላይ ያስጡት፣ ጓንትዎን አፉን ከፍተው ያናፍሱት። ከረጢቱ ደጅ የሚሰቀል ከሆነም ሰኔ ሳይገባ አውርደው ወደ ቤት ያስገቡት።