ስክሪን በገንዳ ነክሮ ማጠብ

ለገጣፎ፣ ሰበታ ወይም ቡራዩ አካባቢ ቲሸርት የምታትሙ፣ ውሃ እንደሆነ ሁሌ አይገኝም። ጀሪካን ሙሉ ውሃ ስክሪን (ፍሬም ላይ የተወጠረው የማተሚያ ወንፊት) ላይ ከምታፈሱ፣ ስክሪኑን አቁሞ የሚይዝ የፕላስቲክ ገንዳ አዘጋጁ። የኢሙልሽን (ስክሪኑ ላይ ንድፉን የሚሠራው ሽፋን) ማስለቀቂያውን በዕቃው ላይ በተጻፈው ልክ ገንዳው ውስጥ በጥብጡና ክደኑት። ለብዙ ስክሪን ያገለግላል።

መጀመሪያ ቀለሙን ጥርግ አድርጉ፤ አለዚያ ማስለቀቂያው ከሥር ያለው ኢሙልሽን ጋ አይደርስም። ከዚያ ጥቂት ደቂቃ ንከሩት። ኢሙልሽኑ ለስልሶ መንሸራተት ሲጀምር አውጥታችሁ ወዲያው በግፊት ውሃ እጠቡ። ስልክ ተደወለ ብላችሁ እንዳትተዉት! ማስለቀቂያው ሜሹ (የተወጠረው ወንፊት) ላይ ከደረቀ ኢሙልሽኑ ሙጭጭ ይላል፣ ያን ስክሪን እርሱት። የእንጨት ፍሬም ግን አይነከርም፣ ውሃ ጠጥቶ ይጣመማል። እሱን በስፖንጅ ቀብታችሁ እሹት። ጓንትና መነጽር አይረሳ።